ሦስት ምስክር በአንድ አፍ

ማኅተሙን ያስረከብኩት ማክሰኞ ቀን ነው። ተረካቢዋ ወጣት ፈርማ ተቀበለችኝ፣ በሶፍት ጠረገችውና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እኔም ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ ባለ ቀላል ነገር ያልቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ባልደረቦቼ ነጠላና የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ሰዓቱ አሳቀኝ፤ ከእንግዲህ የት እንዳላረፍድ ነው?

ሰው ሲያገኘኝ «ጡረታ እንዴት ይዞሻል?» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን ዓመት ጡረታ አልወጣሁም። ከቢሮ የወጣሁት አንድ ያበላሸሁትን ሥራ በሆዴ ይዤ ነው፤ ያ እስኪቃና ድረስ የበላሁት አይጥመኝም ነበር። አሁን ተቃንቷል። ተመስገን ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው እችላለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ኮን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው፣ በታይፒስትነት። ደመወዙን አላነሳውም፤ ያኔም አልበቃም፣ በኋላም አልበቃም። ጣቴ ግን ፈጣን ነበር። በዚያ ቢሮ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ሁሴን የሚባሉ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ግን የተማርኩት በጣም ቆይቼ ነው።

በሌላው ክፍል ባለጉዳይ የሚስተናገደው ቆሞ ነው። ጋሽ ሁሴን ጠረጴዛ አጠገብ ግን አንድ በርጩማ ነበረች። ማንም ይምጣ ማን፣ «እስቲ መጀመሪያ አረፍ በል» ይሉታል። ከዚያ የብዕራቸውን ክዳን ጥርሳቸው ላይ ያደርጉና ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። የት ነበርክ? ምን አየህ? አንተ ያን ጊዜ ምን ትሠራ ነበር? ሰውየው ሲናገር እሳቸው ይጽፋሉ። ሲጨርሱ ጮክ ብለው ያነቡለትና ዓይኑን እያዩ ይጠይቁታል፦ «ይሄ ያንተ አፍ ነው ወይስ የኔ?» ሰውየው «የእኔ ነው» ካላለ ያ ወረቀት ማኅተም አያይም።

እኔ ይሄን ሁሉ የሽማግሌ ጣጣ አድርጌ ነበር የማየው። አንድ ቀን እሳቸው ጾም ላይ ደከም ብሏቸው የአንድ ገበሬ የምስክርነት ቃል እንድቀበል አዘዙኝ። የወንዝ ዳር መሬት ክርክር ነው። ሰውየው አወራ አወራና፣ እኔ በአምስት መስመር አሳምሬ ተየብኩት። ጋሽ ሁሴን አነበቡት፤ ሰውየውንም እንደገና ጠየቁት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ዘነበች፣ ድንጋዩ የት ሄደ?»

«የምን ድንጋይ ጋሽዬ?»

«ወንዙ ሲሞላ ሰውየው የቆመበት ድንጋይ። 'ድንጋዩ ላይ ቆሜ ውሃው የእከሌን ማሳ ሲበላው አየሁ' አይደል ያለሽ? አንቺ 'በአካል ተገኝቼ ተመልክቻለሁ' ብለሻል።»

«ያው ነው እኮ!»

«ያው አይደለም ልጄ። ዳኛው ከፈለገ ሄዶ ድንጋዩን ያየዋል። ያንቺን 'በአካል ተገኝቼ' የት ሄዶ ያየዋል?» አሉና ወረቀቱን ለሁለት ቀደው ጀርባውን ለረቂቅ አስቀመጡት። ጽሑፌ የጸዳ ነበርና በጣም ተናደድኩ። ማታ ለእናቴ «እኚህ ሰውዬ ይቀኑብኛል» ብዬ አወራሁ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ከኮን ወደ ወገል ጤና ከተማ ተዛወርኩ። እዚያ ጣት የሚያደነዝዝ ብርድና ጽዳት የሚወድ አለቃ ቆዩኝ። ይህ አለቃ ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ካየ ቀኑን ሙሉ አይስቅም። እኔም ለእሱ ብዬ የምስክርነት ቃል ቅጽ አዘጋጀሁ። ስሙ ባዶ፣ ቀኑ ባዶ፣ የቀረው ሙሉ። «ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ባልና ሚስት በሕግና በሥርዓት ተጋብተው፣ በፍቅርና በመከባበር አብረው እየኖሩ መሆኑን በአካል ተገኝቼ ያየሁና የማውቅ ስለሆነ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» ለጋብቻ አንድ፣ ለልደት አንድ፣ ለሞት አንድ። ባለጉዳይ ሳይቀመጥ ይጨርሳል። አለቃዬ «ሥራ አቀላጣፊ» ብሎ የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ፤ እስካሁን አለኝ። ጋሽ ሁሴን ቢያዩት ምን ይሉ ይሆን ብዬ ያሰብኩት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ብልባላ ገባሁ። የብልባላው አለቃ ደግሞ መፈረም የሚፈራ ሰው ነበር። «ይደር» ይላል። ያደረው ሲመጣ «ትንሽ ይቆይ» ይላል። አንድ ጊዜ የሞተ ሰው የሞት ምስክር ወረቀት እስኪፈርም ተዝካሩ ወጣ። እሱን ለማስፈረም የኔ ቅጽ መድኃኒት ሆነ፤ ከዚህ በፊት የፈረመው ዓይነት ሲሆን አይፈራም። ቅጼ ከእኔ ጋር ከቢሮ ወደ ቢሮ ዞረ፣ በኋላም ኮምፒውተር ሲመጣ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ስም መቀየር፣ ማተም። በቃ።

ደሳለኝና ፈንታዬን የመዘገብኳቸው ብልባላ ነው። ደሳለኝ ላሊበላ ሆቴል ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበር፤ ፈንታዬ ከብልባላ ወጣ ካለ መንደር ያለች የገበሬ ልጅ። በሰማንያ ተጋብተው፣ ውሉን ሽማግሎች ፊት ተፈራርመው ነው የመጡት። ሁለት ዓመት አብረው ከኖሩ በኋላ ደሳለኝ በሥራ ውል ባሕር ማዶ ሄደ። እዚያ ጠንክሮ ሠርቶ ሚስቱን ለመውሰድ የሚያስችለውን ፈቃድ ሲያገኝ ፈንታዬ ወደኔ መጣች። እኔ ያን ጊዜ ላሊበላ ተዛውሬያለሁ።

«እታለም፣ ለቪዛው ሦስት የምስክር ቃል ላኩ ብለውናል» አለች።

«ይሄማ የደቂቃ ሥራ ነው» አልኳት። ሦስቱ ምስክሮች ለገበያ እንደመጡ ቢሮ ገቡ፣ ስማቸውን ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ አተምኩ፣ ፈረሙ። አንዳቸውንም አረፍ በሉ አላልኩም። ፈንታዬ ወረቀቶቹን በፕላስቲክ ጠቅልላ ስትሄድ ሥራዬ እንዴት እንዳማረ እያሰብኩ ነበር።

ጡረታዬ ሦስት ወር ሲቀረው ተመልሳ መጣች። ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል። ደሳለኝ ደብዳቤውን ወደ አማርኛ እየመለሰ አንብቦ፣ በቴሌግራም በድምፅ ልኮላታል። ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ አሰማችኝ። ደሳለኝ ድምፁ እየተቆራረጠ እንዲህ ይላል፦ «ሦስቱ ምስክርነቶች ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አንድ ናቸው። ሦስቱም ባልና ሚስቱ አብረው እየኖሩ ነው ይላሉ። ባልየው ግን ምስክርነቱ በተሰጠበት ጊዜ ከአገሩ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ምስክርነቶቹን እውነተኛ አድርጎ ለመቀበል አልተቻለም።»

ሁለተኛ ጊዜ አሰሚኝ አልኳት። እየሰማሁ ያን በፍቅርና በመከባበር የሚለውን መስመር በጣቴ ጠረጴዛው ላይ እየተየብኩት ነበር። ደብዳቤውን የጻፉት ሰዎች አልተሳሳቱም። እኔ ብሆን እንደዚያው ነበር የምፈርደው። ባልየው በባሕር ማዶ፣ ሚስቲቱ በብልባላ፣ እኔ ደግሞ በአንድ ጣሪያ ሥር አኖርኳቸው።

ፈንታዬ አልተቆጣችኝም፤ ያ ነው የገደለኝ። የነጠላዋን ጥለት እየጠቀለለች እንዲህ አለችኝ፦

«አባቴ እስከ ፋሲካ ነው የሚታገሰው። 'ካገሩ የሄደ ባል እንደ ሞተ ነው፤ ዕድሜሽ አለፈ' እያለ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሰድዶ ሊያፋታኝ ነው። እታለም፣ እኔ ደሳለኝን ትቼ የማንን ቤት ላሙቅ?»

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እኔ ለአባቷ ማጭዱን አውሼዋለሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ» አልኳት። በሠላሳ አራት ዓመት ባለጉዳይ ፊት ይህንን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። አብራኝ አለቀሰች።

አዲሱ ማመልከቻ የገባው እኔ ጡረታ በወጣሁ በወሩ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ወዲያው መጣ፤ አዲስ ምስክርነት፣ እያንዳንዱ በራሱ ቃል። ይሄንን በቢሮ አላደርገውም አልኩ። ብልባላ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ከገበያ ከሚመለሱ ሰዎችና ከአህዮቻቸው ኋላ በእግሬ ወደ መንደሩ ወጣሁ። በርጩማ ተሸክሜ አልሄድኩም እንጂ የጋሽ ሁሴን ሦስት ጥያቄ ይዤ ነበር።

መጀመሪያ አያ ሞላ ጋ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ የመንደሩ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ፣ ማለት መሪው እሳቸው ናቸው። ደጃቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«እኔማ ያየሁት ጠብ ነው» አሉ።

«የምን ጠብ አያ ሞላ?»

«ሰማንያው ሲታሰር አባቷ 'ጊደር ይጨመር' አለ፣ የልጁ አጎት 'አይጨመርም' አለ። እኔ መሐል ሆኜ ጉሮሮዬ ደረቀ። ሊፈርስ ሲል ልጅቱ ከውስጥ ሆና 'ጊደሯ ትቅር፣ እኔ ልሂድ' አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ይሄ ይጻፋል እንዴ?»

«ይጻፋል» አልኳቸው። ደስ ብሎኝ የብዕሬን ክዳን ነቀልኩ።

ሁለተኛዋ የፈንታዬ ጎረቤት እመት ዝናሽ ናቸው። ደሳለኝ የሄደ ቀን ፈንታዬ እስከ መኪናው ሸኝታው፣ የሥራ ጫማውን በእጇ ይዛ እንደተመለሰች ነገሩኝ። አዲስ ገዝቶ ነበርና አሮጌው ቀርቷል። «ክረምት ባለፈ ቁጥር ጫማውን ታወጣና ፀሐይ ታሰጣዋለች። አንድ ቀን 'ምን ያደርግልሻል ይሄ?' ብላት 'ሻገተ እንዳይል ሲመጣ' አለችኝ። እኔ ሌላ የማውቀው የለኝ።»

ሦስተኛው የነፍስ አባቷ ቄስ ናቸው። «ያወቅሁት በንስሐ ነው፤ የንስሐ ቃል ደግሞ አይጻፍም» ብለው ከለከሉኝ። እኔም አላስጨነቅኋቸውም። ልነሣ ስል ግን «ቆዪ» አሉ። «ቤቷን ጠበል ልረጭ ስገባ የራሷን የክርስትና ስም ብቻ ነግራኝ አታውቅም። የእሱን አስቀድማ ነው የምትጠራልኝ። ይሄን ደጅ ሆኜም እናገረዋለሁ።»

ሦስቱንም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ይሄ የእርስዎ አፍ ነው ወይስ የኔ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አያ ሞላ «እንዴ! ያንቺማ እንዲህ አይጣፍጥም» አሉኝ።

እዚህ ላይ አለቀ ብዬ ነበር። አላለቀም። በወሩ ሌላ ጥያቄ መጣ፦ የሠርግ ፎቶ። ያላቸው ፎቶ አንድ ነው። በፎቶው ላይ ደሳለኝ ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል፤ አጠገቡ በቅሎ ላይ ተቀምጣ ከራስ ፀጉሯ እስከ ወገቧ በካባ የተሸፈነች አንዲት ሰው አለች። ሙሽራ ፊቷ አይታይማ! ደሳለኝ ሌላ ፎቶ ፈልጉ ብሎ ለመነ፤ የለም። ተርጓሚው ጋ ወስደን ሙሽራ ለምን እንደምትሸፈን፣ ማን እንደሚሸፍናት፣ መቼ እንደምትገለጥ ጻፍንበት። ፈንታዬ «እጄን እዩት በላቸው፤ ይሄ ጠባሳ የእኔ ነው» ብላ በፎቶው ላይ ካባውን የያዘውን እጅ አሳየች። ማጭድ የቆረጣት ጠባሳ ነው። እጇን አጠገቡ አድርገን ፎቶ አንሥተን አብረን ላክነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከባድ ነበር። ከዚያ ቀደም በአገራችን ኔትወርክና መብራት ለወራት የጠፋበት ወቅት ነበር፤ ያየ ያውቀዋል። ደብዳቤው የስልክ ጥሪ ዝርዝሩን ተመልክቶ «በእነዚህ ወራት ባልና ሚስቱ ለምን አልተገናኙም? ትዳሩ ቀጥሎ እንደነበር የሚያሳይ ነገር አለ ወይ?» ይላል። ስልክ የለ፣ ባንክ የለ፣ መንገድ የለ። ምን ይቅረብ? ፈንታዬ «በሐሳቤ ከእሱ ጋር ነበርኩ ማለት አይቻልም?» አለችኝ። «እኛ ጋ ይቻላል፤ እነሱ ጋ ቅጹ ቦታ የለውም» አልኳት።

ሦስት ቀን አሰብኩ። በአራተኛው ቀን፣ የተሰጣ ጤፍ ስነፋ፣ የጋሽ ሁሴን ሦስተኛ ጥያቄ ትዝ አለኝ። አንተ ያን ጊዜ ምን ትሠራ ነበር? ደወልኩላት።

«ፈንታዬ፣ በዚያ ኅዳር ምን ትሠሪ ነበር?»

«ምን እሠራለሁ እታለም፣ መከራዬን ሳይ ነበር። እ... ኅዳርማ ተራችን ነበር፤ ማኅበር ደግሻለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚካኤል ማኅበር አሥራ ሁለት አባል አለው፤ እያንዳንዱ በዓመት አንድ ወር በወሩ በአሥራ ሁለት ቀን ይደግሳል። ደሳለኝ የሟች አባቱን ቦታ ይዞ የኅዳሩ ተረኛ ነው። ተረኛ ከአገር ቢወጣ ተራው ሊቀር ይችላል፤ ማንም አይቀየመውም። በዚያ ዓመትማ ስንቱ ተራውን አሳለፈ። ሚስትየዋ በስሙ ከደገሰች ግን ባልየው በመንደሩ አለ ማለት ነው። ይህንን እኛ ሁላችን እናውቀዋለን፤ ማስረጃ ነው ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ማኅበሩ ተራ የሚጽፍበት ደብተር አለው። ደብተሩን የሚይዙት አያ ሞላ ናቸው። ሄጄ ለመንኳቸው።

«ደብተሩ ከጽዋው ጋር ነው የሚቀመጥ» አሉ። «ጽዋ ለባዕድ ሰው አይመሰክርም። ነውር ነው።»

«አያ ሞላ፣ ደብተሩ ከቤት አይውጣ። እርስዎ በእጅዎ ይዘው ይግለጡት፣ እኔ በስልኬ ፎቶ ላንሳ።»

«ሚካኤል ቢቆጣስ?»

«ፈንታዬ ከባሏ ብትለያይ ነው የሚቆጣ።»

አያ ሞላ ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ፤ ደብተሩን በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ አመጡት። የዚያን ዓመት ኅዳር ሲገልጡ በእጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ይላል፦ «የደሳለኝ ተራ። ባለቤቱ ፈንታዬ ደገሰች። ዳቦው አንድ ነው፣ ጠላው ቀጭን፣ ቀኑም ጠባብ። አላሳለፈችም።»

ፎቶ አነሣሁትና ደግሜ አነበብኩት። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ስይዝ እንዲህ ያለ አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም።

የመጨረሻው ጥያቄ የመጣው ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ነው። ለእኔ ነው የመጣው ማለት ይቻላል። «በመጀመሪያው ማመልከቻ የቀረቡት ሦስት ምስክርነቶች ለምን አንድ ዓይነት ሆኑ? ማን ጻፋቸው? እባክዎ ይብራራ።»

ፈንታዬ ይህንን ስታሰማኝ ፊቴን አላየችም። ወደ ቀድሞ ቢሮዬ ሄጄ አለቃውን አማከርኩ። ወጣት ነው፣ መልካም ሰው ነው። «እትዬ ዘነበች፣ ይሄን ፈርመው ቢልኩ ሐሰተኛ ሰነድ ያዘጋጁት እርስዎ ነዎት ሊሉዎት ይችላሉ» አለኝ ተደናግጦ። «'የመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ነው' ብለው ይለፉት። ጡረታዎን ምን ያስነካዎታል?»

ፈራሁ፤ አልዋሽም። ለአንድ ለራሴ እንጀራ የማገኘው በዚያች ጡረታ ነው። ቤቴ ገባሁና ወረቀት አወጣሁ። የመጀመሪያው መስመር በራሱ መጣ፦ «ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ ላይ...» ቀደድኩት። ሁለተኛውም «እኔ ስሜ ከታች የተገለጸው...» ብሎ ጀመረ። እሱንም ቀደድኩት። ይሄ የማን አፍ ነው? ሠላሳ አራት ዓመት የሰውን ሁሉ ቃል ጻፍኩ፤ የራሴን አንድ ቀን ጽፌ አላውቅም ኖሯል! ወንበሬን ትቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ለጋሽ ሁሴን እንደማወራ ሆኜ ጻፍኩት።

«ሦስቱን ምስክርነት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰዎቹ ያሉትን አልጻፍኩም፤ አልጠየቅኋቸውምና። አብረው እየኖሩ ነው የሚለው ቅጹ ላይ ነበረ፤ ቅጹን የሠራሁትም እኔ ነኝ። ፈንታዬና ደሳለኝ አልዋሹም። የቸኮልኩት እኔ ነኝ። እኔ ያየሁትን ከጠየቃችሁኝ፣ ጋብቻቸውን ሊያስመዘግቡ የመጡ ዕለት ደሳለኝ ከሆቴል በቀጥታ መጥቶ እጁ ሽንኩርት ይሸት ነበር። 'ሳልታጠብ አልፈርምም' ብሎ ውሃ ለመነኝ። ፈንታዬን በጣት አሻራ ፈርሚ ስላት 'ፊርማ ተምሬያለሁ' አለች። ስሟን ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። መስኮቱ ክፍት ነበርና ነፋስ ወረቀቱን እንዳያነሣባት ደሳለኝ በታጠበ እጁ ጥግና ጥጉን ይዞላት ቆየ። አላስቸኮላትም። እኔ ግን አስቸኩያት ነበር።»

ፈረምኩ። ለራሴ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የኔ አፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ጾሙ ገፋ። የፈንታዬ አባት አቶ በላይ ሽማግሌዎቹን መርጠው ጨርሰዋል የሚል ወሬ ደረሰኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው የምለቅመው እንኳ አልቀረኝም፤ ሁሉንም ልኬዋለሁ። ስልክ በጮኸ ቁጥር እሮጣለሁ።

የሆሳዕና ማግሥት ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አቶ በላይ ናቸው። ፈንታዬ ከኋላቸው ቆማለች። ሊወቅሱኝ መጡ ብዬ ክው አልኩ። አቶ በላይ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ልጄን ላፋታት ነበር» አሉ። «ትናንት ሽማግሌዎቹን ልጠራ ስወጣ ይቺ እየሮጠች መጣች። 'ተፈቀደ' ብላ ጮኸች። እኔ ከብት የጠፋ መስሎኝ ነበር እንዲያ ስትጮህ።»

ፈንታዬ አልተናገረችም፤ ተጠመጠመችብኝ። እኔም የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ያን ቀን ነው ጡረታ የወጣሁት። ጋሽ ሁሴን በሕይወት ቢኖሩ «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ረዳሽ» ይሉኝ ነበር። የሉም፤ ግን ለእሳቸውም ጭምር ነው ያለቀስኩት።

ፈንታዬ የሄደችው በሰኔ ነው። ከመሄዷ በፊት ሁለት ነገር ሰጠችኝ፤ የቤቷን ቁልፍና የማኅበሩን ተራ። «የኅዳሩ ተራችን እንዳይቀር እታለም። ቤታችን ውስጥ ይደገስ» አለች። እኔ ማኅበር ጠጥቼ አላውቅም። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ስዛወር የትም መንደር ተረኛ ልሆን አልቻልኩም። የአሮጌውን ጫማ ነገር ስጠይቃት በሻንጣዋ ውስጥ መሆኑን ነገረችኝ።

ኅዳር ሲቃረብ ጠላውን ራሴ ጠመቅሁ። ላግዝሽ ያሉኝን ጎረቤቶች «ይሄማ የደቂቃ ሥራ ነው» ብዬ መለስኳቸው። ከዚህ አባባል መማር ነበረብኝ። ሚካኤል ዕለት ፈንታዬ ቤት አሥራ አንዱ አባላት ገቡ፤ ተጸለየ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ተጠጣ። ሁሉም ዝም ብለው ጠጡ፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው። መጨረሻ ላይ አያ ሞላ ደብተሩን ገልጠው መነጽራቸውን አደረጉና ጻፉ።

«ምን ጻፉ አያ ሞላ? እስቲ ያንብቡልኝ» አልኩ።

ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡ፦ «የደሳለኝና የፈንታዬ ተራ። ስለ እነሱ ዘነበች ደገሰች። ዳቦው ጥሩ ነው። ጠላው ቀጭን ነው፤ ቀኑ ግን ሰፊ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ መጀመሪያ ቀላሁ፤ «በመዝገብ ይጻፍብኝ?» ልል ነበር። ከዚያ አያ ሞላ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «ይሄ የእኔ አፍ ነው ወይስ ያንቺ?» አሉኝ።

«የእርስዎ ነው አያ ሞላ» አልኩ። «ያዩትን ነው የጻፉት። ፎቶ ላንሳውና ለፈንታዬ ልላክላት።»